ያለ አስተርጓሚ የሚሰማው ማሽን

ባለፈው ክረምት መግቢያ ላይ የስልኬ ቻርጅ መሰኪያ አልይዝ ብሎ ሲቀላ ገበያው አጠገብ ወዳለች አንዲት የስልክ ጥገና ሱቅ ገባሁ። ሱቅ ማለቴ ቁም ሣጥን የምታክል ናት፤ ሁለት ሰው ከገባ ሦስተኛው በር ላይ ቆሞ ነው የሚያወራው። ጠጋኙ አጎንብሶ የጋለውን ካውያ ከብየዳው እርሳስ ጋር ሲያገናኘው ቀጭን ጭስ ተነሳና አፍንጫዬ ውስጥ ገባ። እርሳሱ ውስጥ ያለው ሙጫ ሲቃጠል የሚወጣ፣ ትንሽ ጣፋጭ፣ ትንሽ ሰርሳሪ ሽታ ነው። እኔን ደግሞ ሽታ ያሸንፈኛል። ፎቶ ቢያሳዩኝ፣ የድሮ ደብዳቤ ቢያነቡልኝ ላይሞቀኝ ላይበርደኝ ይችላል፤ ሽታ ግን ጎትቶ ይወስደኛል። «አባት፣ ምን ሆኑ?» አለኝ ጠጋኙ ስልኬን እንደያዘ። ምንም አልሆንኩም አልኩት። ውሸቴን ነው፤ ከሠላሳ ምናምን ዓመት በፊት ወደነበረችው ላቦራቶሪ ሄጄ፣ ነጭ ካፖርቴን ለብሼ ቆሜ ነበር።

ያኔ እዚሁ አርባ ምንጭ፣ ኮሌጁ ውስጥ የላቦራቶሪ ቴክኒሻን ነበርኩ። አገሬ ካምባ ነው፣ እዚሁ ጋሞ ውስጥ፤ አባቴ ካምባ ገበያ ላይ ጨው ይሸጥ ነበር፤ እኔ ደግሞ የሰው ሬዲዮ እየፈታሁ፣ አንዳንዱን እየገጠምኩ፣ አንዳንዱን ደብቄ እየሸሸሁ አደግኩ። ዓመተ ምህረቱን አትጠይቁኝ፤ ማን ሥልጣን ላይ እንደነበረም ለታሪክ ጸሐፊዎች ልተወው። ዋጋውን ግን ልንገራችሁ። ሻይ አሥራ አምስት ሳንቲም ነበር፣ ያውም ስኳሩ ማንኪያ ያቆማል። ከሐይቁ የመጣ ሙሉ አሳ፣ ጥርስ የሚሰብር ዳቦ ተጨምሮበት፣ በአንድ ብር ከሃምሳ ይበላ ነበር። ሙዝማ ማን ይገዛው ነበር? ሙዝ ከሚበቅልባት ከላንቴ የመጣ ሰው መንገድ ላይ ካገኘህ አንድ እጅ ገንጥሎ ያስታቅፍሃል፣ አልፈልግም ብትል ይቀየማል። ሁላችንም አንድ ዓይነት ቴትሮን ሱሪ ነበረን፣ ቂጡ ያብለጨለጨ፤ የመምህራኑ ትኩስ፣ የእኛ የቆየ። ሲቀላ መዞሪያው ላይ የነበረው ሻይ ቤት አንድ ቴፕ ነበረው፤ ካሴቱ ከመደጋገሙ ብዛት ላልቶ ዘፋኟ እያዛጋች የምትዘፍን ትመስል ነበር። እኛ ግን ዘፈኑን የለመድነው እንደዚያ ስለሆነ፣ በኋላ ሬዲዮ ላይ በትክክለኛው ፍጥነት ስሰማው የሆነ ሰው የሚያባርራት መሰለኝ። ዛሬ በዚያ ቦታ ባለ አራት ፎቅ ሆቴል ቆሟል፤ ከፊቱ ባጃጆች ተሰልፈው ይጠብቃሉ።

ስልኬ እስኪያልቅ እንዲህ ፈዝዤ ሳለሁ አንዲት ወጣት ሴት ዣንጥላዋን እያራገፈች ገባች። የያዘችውን አረንጓዴ ቦርድ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችና ጠጋኙን ቀጭኑን ካውያ እንዲያውሳት ጠየቀችው። ቦርዱ ምንድን ነው ብዬ ጣልቃ ገባሁ፤ አመሌ ነው። ስሟ መሠረት እንደሆነ፣ የሴቻ ሰፈር ልጅ እንደሆነች፣ ኮሌጁ ውስጥ እንደምታስተምር ነገረችኝ። «ከተማሪዎቼ ጋር ፕሮሰሰር እየነደፍን ነው፣ ጋሼ» አለች፤ አነጋገሯ ለሽማግሌ እንደሚያስረዳ ሰው ለስለስ ያለ ነበር። «ሰው የሚጽፈውን የፕሮግራም ቋንቋ ወደ ዜሮና አንድ የሚመልስ ተርጓሚ ፕሮግራም አለ። እኛ ያንን ተርጓሚ ከመሀል አውጥተን፣ ቋንቋውን ራሱን ቺፑ ውስጥ እያስገባነው ነው። ማሽኑ የተጻፈለትን እንደተጻፈ እንዲሰማ።» «እኛም ሠርተነዋል» አልኳት። ፈገግ አለች። ይሄን ፈገግታ አውቀዋለሁ፤ እኔም የሰፈራችን ሽማግሌ ከአንበሳ ጋር ታግያለሁ ሲሉኝ የምፈግገው እሱኑ ነው። «የእኛው ቦርድ ቤቴ አለ፤ አልጋ ሥር፣ ካርቶን ውስጥ» ስላት ፈገግታዋ ቆመና ዣንጥላዋን መልሳ አነሳች። በዝናቡ ተከትላኝ መጣች።

እንግዲህ ለእሷ ያልኳትን ለእናንተም ልበል። መምህር ሳሙኤል የሚባሉ ሰው ነበሩ። ውጭ አገር ተምረው የመጡ፣ ቀጭን፣ ሲያስቡ ጠመኔ የሚያኝኩ፤ እውነቴን ነው፣ ክፍል ሲወጡ ከንፈራቸው ነጭ ነበር። ኮሌጁ ያኔ አንድ ኮምፒውተር ነበረው፤ እሱም በፕላስቲክ ተሸፍኖ፣ በር ተቆልፎበት፣ ቁልፉ አለቃው ኪስ ነበር። መምህር አንድ ቀን ተፈቅዶላቸው ገብተው ሲወጡ ተናደው ነው። «ዘለቀ» አሉኝ፣ «ያ ማሽን የማስታወሻው እኩሌታ በተርጓሚው ተይዟል። እኔ ለምናገረው ቦታ የለውም። ተርጓሚ የማይፈልግ ማሽን እንሥራ።» እንዴት ብዬ ስጠይቃቸው ከመሳቢያቸው አንድ የተበላሸ የሂሳብ መደመሪያ ማሽን አወጡ። ቁልፎቹን ነቅለን፣ በየቁልፉ ላይ ወረቀት ለጥፈን፣ በቀለም «ከ»፣ «እስከ»፣ «ደምር»፣ «ድገም»፣ «አሳይ» ብለን ጻፍንባቸው። ሐሳባቸው እያንዳንዱ ቃል የራሱ ቺፖችና የራሱ ሽቦዎች ይኑሩት፣ ቁልፉ ሲነካ ቃሉ ሳይተረጎም በቀጥታ ይፈጸም የሚል ነበር። ቁጥሮቹ እንደ ሰሃን ይደራረባሉ፤ መጨረሻ የተቀመጠው መጀመሪያ ይነሳል። «የእኛ ቋንቋ ለዚህ ይመቻል» ይሉ ነበር፣ «መጀመሪያ ዕቃውን ያቀርባል፣ ምን እንደሚደረግበት መጨረሻ ላይ ይናገራል። ማሽንም የሚፈልገው ይህንኑ ነው።» እኔ ግማሹ ገባኝ፣ ግማሹ አልገባኝም፤ ነገር ግን የማወቅ ጉጉቱ እንቅልፍ ነሳኝ።

ችግሩ ሽቦው ነበር። ቺፖቹ የሚሰኩበት ቦርድ ከሥሩ እንደ ሚስማር የቆሙ ሺህ እግሮች ነበሩት፤ ፀጉር በሚያክል ሽቦ አንዱን እግር ከሌላው ማገናኘት፣ ጫፉንም በትንሽ መሣሪያ ሰባት ጊዜ ጠምጥሞ ማጥበቅ ያስፈልጋል። እኔ በአንድ ሳምንት ስልሳ ሽቦ ጠመጠምኩ፤ ሃያው ተፈታ። መምህር ሳሙኤልማ እጃቸው ይንቀጠቀጣል። አንድ ቀን ገበያ መሀል ስናልፍ ማንጎ ዛፍ ሥር የሚሸምን ሰው አዩና ቆሙ። የተበጠሰ ድር ሲቀጥል ነበር፤ ጣቶቹ ምን እንዳደረጉ ሳናይ ክሩ ተያይዞ ተገኘ። ጋሽ ኦይሳ ይባላል፤ ከጨንቻ በኩል ከደጋ የወረደ፣ እኔን በአሥራ ምናምን ዓመት የሚበልጥ ሸማኔ። አማርኛ ያኔ ለገበያ የምትበቃውን ያህል ብቻ ነበረው፤ መምህር ደግሞ ጋሞኛ አንድ ቃል አያውቁም። ስለዚህ መሀል ቆሜ የማስተረጉመው እኔ ሆንኩ። ማሽኑ ያለ አስተርጓሚ የሚሰማ መሆኑን ስነግረው ከት ብሎ ሳቀ። የመሬት ክርክር ኖሮት ፍርድ ቤት ሁለት ዓመት ተመላልሷል፣ ሁልጊዜ በአስተርጓሚ። «ያስተርጓሚውን ጠባይ አውቀዋለሁ» አለኝ። «የሚጨምረውን ይጨምራል፣ የሚውጠውን ይውጣል። ይሄን ማሽን እሠራዋለሁ በለው፤ እኔም ልየው።»

ሠራውም። ከሰዓት በኋላ እየመጣ፣ ጫማውን በር ላይ አውልቆ፣ ቦርዱን ጭኑ ላይ ገልብጦ ይቀመጣል። እኔ መምህር ከጻፉት የሽቦ ዝርዝር በጋሞኛ እጠራለሁ፤ ቺፑን ቤት ብለነው ነበር። «ከሦስተኛው ቤት አምስተኛ እግር፣ ወደ አሥራ አንደኛው ቤት ሁለተኛ እግር።» ፊደል አያነብም፤ ግን የጥለት ቆጠራ ጭንቅላቱ ውስጥ ነው፣ አንድ ጊዜ የጠራሁትን አያስደግመኝም። በሁለት ወር ጨረሰ፤ አንድም አልተፈታም። አንድ ነገር ብቻ ያበሳጨው ነበር። መምህር ሽቦው በአጭሩ መንገድ ይሂድ ስላሉ ሽቦው ሁሉ እንደፈለገ ተሻግሮ፣ ተጠላልፎ፣ የወፍ ጎጆ መስሏል። «እንዲህ ያለ ሥራ ከእጄ ወጣ ብዬ ለማን አሳያለሁ?» እያለ ራሱን ይነቀንቃል። እኔም በልቤ እውነቱን ነው እል ነበር፤ በእኛ ዓይን የጠራ ሥራ ማለት ክሩ ቀጥ ያለ ሥራ ነው። ያም ሆኖ አንድ ዓርብ መብራቱን አገናኘንና መምህር «ከ፣ አንድ፣ እስከ፣ አሥር፣ ደምር፣ አሳይ» ብለው ቁልፎቹን ነኩ። ቁጥር በሚያሳየው ቀይ መብራት ላይ ሃምሳ አምስት ወጣ። መምህር ጠመኔያቸውን ዋጡ መሰለኝ፣ ሳል ያዛቸው። ጋሽ ኦይሳ ብቻ ተረጋግቶ «አስተርጓሚው የት አለ?» እያለ ቦርዱን ገልብጦ ፈለገ። ያን ቀን ሦስታችን አሳ በላን፤ የከፈሉት መምህር ናቸው፣ ዘፋኟም እያዛጋች ዘፈነችልን።

ከዚያ እንግዶች እንደሚመጡ ተነገረ። ከአዲስ አበባ፣ ትልልቅ ሰዎች፤ አይተው ከወደዱት ክፍል ይሰጠናል፣ ዕቃ ይገዛልናል፣ ሥራው ይቀጥላል። ካልወደዱት ያበቃለታል። መምህር ሊቀበሏቸው አዲስ አበባ ሲሄዱ ቁልፉን ለእኔ ሰጥተው አንድ ነገር ብቻ አዘዙኝ። «እስክመለስ ማንም እንዳይነካው።» እሺ አልኩ። ቅዳሜ ጠዋት የላቦራቶሪውን ወለል አሳጠብኩ፣ መስኮቱን አስወለወልኩ፣ ካፖርቴን አሳጠብኩ። ሁሉ ነገር አምሮ ሳየው ያ የሽቦ ጎጆ ዓይኔን ወጋው። እንግዳ ሊመጣ ነው፣ ገመናችን እንደተዘረገፈ ሊያይ ነው። ጋሽ ኦይሳን አስጠራሁትና «እስቲ አስተካክለው፤ ሰው ፊት ሊቀርብ ነው» አልኩት። መምህር አይነካ ማለታቸውን አልነገርኩትም። ፊቱ እንዴት እንደበራ ዛሬም ይታየኛል። ቅዳሜና እሁድ ተቀምጦ ረጅሞቹን ሽቦዎች ፈታ፣ በቦርዱ ጠርዝ ጎን ለጎን አስኬዳቸው፣ በሰም በተቀባ ክር በየአንድ ጣት ርቀት አሰራቸው። ነጠላ ላይ ያለ ጥለት ነበር የሚመስለው፤ በሕይወቴ እንደዚያ ያማረ የኤሌክትሪክ ሥራ አይቼ አላውቅም።

ሰኞ እንግዶቹ መጡ፤ ከረባት ያሰሩ አራት ሰዎች፣ አርባ ምንጭ ሙቀት ውስጥ በከረባት። መምህር ቦርዱን እንኳ ገልብጠው ሳያዩ፣ ፊታቸው በደስታ ቀልቶ ቁልፎቹን ነኩ። ሠላሳ ዘጠኝ ወጣ። ደገሙት፤ ሠላሳ ዘጠኝ። ሦስተኛ ጊዜ ስልሳ ሦስት። ከእንግዶቹ አንዱ «በጣቴ ብቆጥረው ይሻላል» አለና ሌሎቹ ሳቁ፤ ሰዓታቸውን አይተው ወደ አሳው ሄዱ። መምህር ቦርዱን ገለበጡት። ያን የታሰረ፣ የተደረደረ ሽቦ ሲያዩ ፊታቸው አመድ መሰለ። «ማነው የነካው? ማንም እንዳይነካው አላልኩም?» አሉ። ጋሽ ኦይሳ በር ላይ፣ የክት ነጠላውን ለብሶ፣ ሥራው ሲመሰገን ሊሰማ መጥቶ ቆሞ ነበር። «ጠይቀው» አሉኝ፤ ጠየቅኩት። እሱም እኔን ሳይሆን እሳቸውን እያየ በጋሞኛ መለሰ፤ ቀስ ብሎ፣ እንደ ሽማግሌ ሸንጎ፤ «ሽቦውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ እጁ የእኔ ነው፣ አልክድም። አስተካክለው ብሎ ያዘዘኝ ግን ይሄ አጠገብህ የቆመው ሰው ነው፤ አንተ አትንኩት ማለትህን አልነገረኝም።» መምህር ወደ እኔ ዞሩ። ሥራዬ፣ ደመወዜ፣ በዚያ ዓመት ላገባት ያሰብኳት ሴት፣ ሁሉም በአንድ ጊዜ ፊቴ ላይ መጣ። «ያስተካከልኩት እኔ ነኝ ይላል» አልኩ። በቃ፣ ይሄው ነው ያልኩት። መምህር የተናገሩትን እዚህ አልጽፈውም፤ እሱንም ማስተርጎም አላስፈለገኝም፣ ከፊታቸው ይነበብ ነበር። ጋሽ ኦይሳ ነጠላውን አጣፍቶ፣ ጫማውን አድርጎ ወጣ። መምህር በወሩ ተዛውረው ሄዱ፤ ከብዙ ዓመት በኋላ አረፉ ሲባል ሰማሁ። ቦርዱን ሊጣል ሲል እኔ አንስቼ ቤቴ አስገባሁት።

ለመሠረት ግን ይሄን ሁሉ አልነገርኳትም። እስከ አሳው ድረስ ያለውን በደስታ አወራሁላት፣ መጨረሻው ጋ ስደርስ ግን ለሚስቴ፣ ለልጆቼ፣ ለቸርች ወንድሞቼ ስል የኖርኩትን መልሼ ነገርኳት። «ሸማኔው ሽቦውን ነካክቶ አበላሸብን።» እሷ ቦርዱን በሁለት እጇ ይዛ ትንፋሿ እንዳይነካው የምትጠነቀቅ ይመስል ነበር። ኮሌጁ ውስጥ ዐውደ ርዕይ እንዳለ፣ የተማሪዎቿን ፕሮሰሰር ከዚህ አጠገብ ልታስቀምጠው እንደምትፈልግ ነገረችኝና ወሰደችው። በሳምንቱ ጠርታኝ ሄድኩ። የድሮዋ ላቦራቶሪ አሁን ዕቃ ቤት ሆናለች፤ የመሠረት ክፍል ፎቅ ላይ ነው፣ አየር ማቀዝቀዣ አለው። የተማሪዎቿን ሥራ አሳየችኝ። እኛ ሁለት ወር የጠመጠምነው ሽቦ ጥፍር በምታክል ቺፕ ውስጥ ገብቶ፣ ቢሳሳቱ ደግሞ በኮምፒውተር እንደገና ያዋቅሩታል። ስንት ነገር ጠየቅኳት መሰላችሁ፤ ቃሉን እንዴት ነው የሚለየው፣ የሚደራረቡት ቁጥሮች ቢሞሉስ፣ ሁለት ቃል በአንድ ጊዜ ቢመጣስ? ሻዬ ቀዘቀዘ። ከዚያ «ይቺን ደግሞ ያንብቡልኝ፣ ስህተት ካለ» ብላ ከቦርዱ ሥር የሚለጠፈውን ጽሑፍ ሰጠችኝ። በጥሩ ወረቀት፣ በትልልቅ ፊደል ታትሟል። «ማሽኑ በሸማኔው በአቶ ኦይሳ የሽቦ አሰላለፍ ስህተት ምክንያት በማሳያው ቀን ሳይሠራ ቀርቷል።»

በቃል ሲወራ የኖረ ነገር ታትሞ ሲያዩት ሌላ ነው። በእኛ በጋሞ ጎሜ የሚባል አለ፤ የተደበቀ ጥፋት ነው፤ ሰው ፊት ካልተነገረ ውሎ አድሮ በልጅ፣ በከብት፣ በእርሻ ይመጣል ይባላል። እኔ የወንጌል አማኝ ነኝ፣ ጎሜን አላምንበትም እያልኩ ነው የኖርኩት። ግን በቤቴ ሰው በታመመ ቁጥር መጀመሪያ ትዝ የሚለኝ የጋሽ ኦይሳ ነጠላ ነበር። ወረቀቷን ለሁለት አጥፌ መለስኩላት። «ይሄ አይለጠፍም» አልኳት። ለምን አለችኝ። ተቀመጥኩና ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ነገርኳት። ሳታቋርጠኝ ሰማች፤ ስጨርስ ያለችው አንድ ነገር ነው። «በሕይወት አሉ?» ላንቴ፣ ልጁ ዘንድ እንዳለ እሰማ ነበር። ላንቴ ከዚህ ምን ያህል ነው? በባጃጅ የሚደረስ አገር ሠላሳ ምናምን ዓመት ሳልደርስበት ኖርኩ።

ቅዳሜ ሄድን፤ ቦርዱ መሠረት ጭን ላይ፣ ያቺ የመጠምጠሚያ መሣሪያና የድሮው የሽቦ ዝርዝር እኔ ኪስ ውስጥ። ከመንገዱ ወርደን በሙዞቹ መሀል ስናልፍ ጎንበስ ብዬ እርጥብ ሣር ነቀልኩ። ሽማግሌዎቻችን ዱቡሻ ላይ፣ ሸንጎው ሜዳ ማለቴ ነው፣ ለእርቅ ሲቆሙ የሚይዙት እሱን ነው። ጋሽ ኦይሳ ደጅ በርጩማ ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ሸምግሏል፣ አንዱ ዓይኑ ነጭ ሆኗል፣ ጣቶቹ ግን እነዚያው ናቸው። ልጁና ሁለት ጎረቤቶች ነበሩ። ሣሩን በሁለት እጄ ይዤ እነሱ ሁሉ እየሰሙ ተናገርኩ፤ ማን እንዳዘዘ፣ ምን እንደደበቅኩ፣ ምን እንደዋጥኩ። ጋሽ ኦይሳ እስከ መጨረሻው ሰማኝና «ሣሩን አስቀምጠውና ቁጭ በል» አለ። «ያኔውኑ አውቄዋለሁ። የእኔ ንግግር ረጅም ነበር፣ ያንተ አማርኛ አጭር። አማርኛ ባላውቅም ርዝመት አላውቅም? ሸማኔ ነኝ እኮ።» ለምን ዝም አልክ ስለው «ለማን ልናገር? አስተርጓሚው አንተ ነህ» አለኝ። «ተቀይሜሃለሁ፣ አዎ። ማንጎው ሥር ስታልፍ ራስህን ወዲያ ስታዞር አይህ ነበር። ያኔ ነው የባሰ የተቀየምኩት። ከዚያ በኋላ ግን ሌላ ነገር ነው ያስጨነቀኝ፣ የታመምኩ ቀን ሳይቀር። ክሩን ቀጥ ሳደርገው ለምንድን ነው እምቢ ያለው?»

መሠረት ተጠግታ በርጩማው ሥር ቁጭ አለች፤ በጋሞኛ ነው ያስረዳችው፣ እኔ አፌን ዘግቼ። ኤሌክትሪክ በሽቦ ውስጥ ሲመታ ውጭም ትንሽ ይሰማል፤ ሽቦዎች ተራርቀው ወይም ተሻግረው ሲያልፉ አይጎዳም፣ ጎን ለጎን ተጠግተው ረጅም መንገድ ሲሄዱ ግን የአንዱ ምት ወደ ሌላው ይገባል። ቦርዱን በመሣሪያ ስትለካው ማሽኑን የሚያስኬደው ምት ከጎኑ ወዳለው የቁጥር ሽቦ ሲዘል አይታዋለች። ጋሽ ኦይሳ ጉንጩን በእጁ ደግፎ ሰማ። «ጎረቤት አድርጌ አስሬያቸው ወሬ ይቀባበሉ ነበር በይኛ» አለና የያኔውን ሳቅ ሳቀ። «እጄ አይደለም ማለት ነው። አምጪው።» ሰም የተቀባውን ክር ልጁ በምላጭ ልቁረጠው ቢል እምቢ ብሎ አንድ በአንድ በጥፍሩ ፈታው። ረጅሞቹን ሽቦዎች ነቅሎ በድሮው መንገድ ሊመልስ ሲል መሣሪያውን ከእጄ ተቀበለ፤ ዝርዝሩን ስዘረጋ «ሙሉውን አንብብ» አለኝ። አነበብኩ። ከሦስተኛው ቤት አምስተኛ እግር፣ ወደ አሥራ አንደኛው ቤት ሁለተኛ እግር። ዓይኑ ቀጭኑን ሽቦ አያይም፣ ጣቱ እየዳሰሰ ይቆጥራል። ሁለት ሰዓት ፈጀብን፤ የሙዝ ቅጠሉ ላይ ካፊያ ሲመታ፣ የልጁ ሚስት ቆጮ በዳታ፣ በእኛ አገር የቃሪያ ድቁስ፣ አቀረበችልን። ሲያልቅ ቦርዱ እንደገና የወፍ ጎጆ ሆነ። መብራቱን ከቤቱ ሶኬት አገናኘን፣ መሠረት ቁልፎቹን ነካች። «ስንት አለ?» አለ ጋሽ ኦይሳ። ሃምሳ አምስት። አስደገማት፤ ሃምሳ አምስት። ለራሱ በጣቱ ቆጠረና ራሱን ነቀነቀ።

መሠረት ያቺን የታተመች ወረቀት አውጥታ በጀርባዋ አዲስ ልትጽፍ ተዘጋጀች። «አባባ፣ ምን ብዬ ልጻፍ?» አለችው። እሱም ወደ እሷ ዞሮ፣ እንደዚያን ቀን ቀስ ብሎ፣ የያኔውን ቃል ሳይለውጥ በጋሞኛ ተናገረ። እሷ ግን አልጻፈችም። «ጽሑፉ በአማርኛ ነው፤ እርስዎ ይተርጉሙት» አለችኝ። «ሽቦውን ያስተካከልኩት እኔ ነኝ፤ እጁ የእኔ ነው፣ አልክድም» አልኩና ቀጠልኩ። «አስተካክለው ብሎ ያዘዘኝ ግን ይሄ አጠገብህ የቆመው ሰው፣ ዘለቀ ነው፤ አንተ አትንኩት ማለትህን አልነገረኝም።» ጋሽ ኦይሳ አንገቱን ዘንበል አድርጎ እስከ መጨረሻው አዳመጠ፤ አሁን አማርኛ ከእኔ እኩል ይሰማል፣ ያዳመጠው ግን ቃሉን አልመሰለኝም። ስጨርስ በሁለቱ መዳፎቹ መሀል ክር እንደሚለካ ሰው አየሩን ለካ።

«አሁን እኩል ነው» አለ።